ፍላሜንኮ ከጆሮ ይጀምራል

ደቡብ ስፔን፣ ሴቪያ ከተማ የደረስኩ ዕለት ማታ የአገሩን ሙዚቃ፣ ፍላሜንኮን፣ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። እራትና ትርኢት በአንድ ትኬት የሚሸጥበት ሰፊ አዳራሽ ነበር። ከፊቴ ሳህን አለ፣ ከጀርባዬ አስተናጋጅ ይመላለሳል፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ወለሉን በጫማዋ ስትቀጠቅጥ አየሁ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ። ስወጣ «እንዴት ነበር?» ብትሉኝ ከቀሚሱ ሌላ የምነግራችሁ ነገር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሌላ ቤት ገባሁ። ትንሽ ነው። ምግብ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ማይክሮፎንም የለም። ዕድሜው ጠና ያለ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ዓይኑን ጨፈነና «አይ...» ብሎ ጀመረ። ቃል የለውም፤ «አይ» ብቻ ነው። ድምፁ ይወጣል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይነሳል። ስፓኒሽ አልሰማም፤ ግን ሆዴ ባሰኝ። እንጉርጉሮ ሲሰማ ላደገ ሰው እዚህ ላይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ይህን የምጽፈው በእነዚያ ሁለት ምሽቶች መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ነው። ለዕረፍት ወደ ስፔን ከሄዳችሁ «የታፓስና የፍላሜንኮ ምሽት» የሚል ነገር ሆቴላችሁ ድረስ መጥቶ ይቀርብላችኋል፤ ታፓስ በትንንሽ ሳህን የሚመጣ ምግብ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት መድረኩ ላይ ምን እንደሚካሄድ፣ ሳህኑ ላይም ምን እንደሚመጣ ብታውቁ ምሽቱ ሌላ ይሆናል። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

መሀሉ ዘፋኙ ነው

ብዙ ሰው ፍላሜንኮ ማለት ጭፈራ ይመስለዋል። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሁልጊዜ ጨፋሪዋ ስለሆነች አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሦስት ነው፦ ካንቴ ዘፈኑ፣ ቶኬ ጊታሩ፣ ባይሌ ጭፈራው። ከሦስቱ መጀመሪያው ካንቴ ነው። ጊታሩ ዘፋኙን ሊያጅብ መጣ። ጨፋሪዋም የምትጨፍረው ለዘፈኑ መልስ እየሰጠች ነው።

እንዲያውም ጊታርም ጭፈራም የሌለው ዘፈን አለ። ማርቲኔቴ ይሉታል። ከብረት ቀጥቃጮች ቤት የወጣ ነው፤ ስሙም ከመዶሻ የመጣ ነው። ዘፋኙ ያለ አንዳች መሣሪያ ብቻውን ያዜማል። አንዳንዴ ከጀርባው ብረት በመዶሻ ሲመታ ይሰማል፤ ሌላ ምንም።

ድምፁ ለምን እንዲህ ሻከረ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እዚህ ለስላሳ ድምፅ ብቻውን አይወደድም። የተሰነጠቀ፣ የጎረነነ፣ ያለቀሰ የሚመስል ጉሮሮ ትልቅ ዋጋ አለው። ግጥሙ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ስንኝ። ስለ እናት ነው፣ ስለ እስር ነው፣ ስለ ሞት ነው፣ ስለ ፍቅር ነው፣ ስለ ማጣት ነው። አዝማሪ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል። የፍላሜንኮ ዘፋኝ ደግሞ በአብዛኛው በልቡ ካጠራቀማቸው ብዙ ግጥሞች መካከል እዚያው ይመርጣል። ስለዚህ ዛሬ የሰማችሁት ነገ በዚያው ቤት ላይደገም ይችላል።

አንድ አራተኛ ነገር ልጨምር፤ ጭብጨባውን። ፓልማስ ይባላል። እንደ እኔ የመጀመሪያ ምሽት ዝም ብሎ የሚጨበጨብ አይደለም። ሁለት ዓይነት ነው። ዘፋኙ ሲያዜም መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ያፍኑታል። የጨፋሪዋ እግር ሲበረታ ደግሞ የአንዱን እጅ ጣቶች በሌላው መዳፍ ላይ ጠበቅ አድርገው ይመታሉ፤ ጥርት ያለ፣ የሚሰነጥቅ ድምፅ ይወጣዋል። ለዚህ ሥራ ብቻ መድረክ ላይ የሚቀመጡ ባለሙያዎች አሉ። እነሱ ባይኖሩ ሌላው ሁሉ ይፈርሳል።

እስከ 12 መቁጠር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይሄው ነው።

አራት ሰዎች መድረክ ላይ አሉ። ፊታቸው የተጻፈ ኖታ የለም። ከፊት ቆሞ የሚመራቸው የለም። ምናልባትም አብረው ሲሠሩ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው፤ ከመድረክ ጀርባ ሁለት ቃል ተነጋግረው ወጥተዋል። ታዲያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሄደው ሄደው፣ አራቱም በአንዲት ቅጽበት ቀጥ የሚሉት እንዴት ነው?

መልሱ ኮምፓስ ይባላል። ዙሩን ጠብቆ የሚመላለስ የምት ቤት ነው። እስቲ ጠረጴዛውን በጣታችሁ እየመታችሁ እስከ 12 ቁጠሩ። 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ስትደርሱ ጠንከር አድርጉ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት! አራት፣ አምስት፣ ስድስት! ሰባት፣ ስምንት! ዘጠኝ፣ አሥር! አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት!

ደግማችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ሦስት ሦስት እያለ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ከዚያ ሁለት ሁለት እያለ ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ሰፋ ብሎ ይጀምርና ይጠብባል፤ እንደገና ይሰፋል። ሰውን ከወንበሩ የሚነቀንቀው ይህ መስፋትና መጥበብ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ጆሮ አንድ ብልጫ አለው። በችክችካ ያደገ ሰው ሦስት ሦስት እየተባለ መሄዱ አይከብደውም፤ ትከሻው ራሱ ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ከስድስት በኋላ ነው። ምቱ ድንገት ሁለት ሁለት ሲሆን ከእጃችን ያመልጣል። እኔ ሆቴል ገብቼ አልጋ ላይ ተቀምጬ እየቆጠርኩ ነው የያዝኩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው የፈጀሁት።

የፍላሜንኮ ዘፈኖች በየዓይነታቸው ፓሎ ይባላሉ፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉንም ማወቅ አያስፈልግም። ሶሌአ፣ አሌግሪያስና ቡሌሪያ ሦስቱም በዚችው 12 ላይ የቆሙ ናቸው። ሶሌአ ቀርፋፋና ክብደት ያለው ነው። ብቸኝነት ከሚለው ቃል ጋር ስሙ ይያያዛል። አሌግሪያስ የካዲዝ ልጅ ነው፤ ካዲዝ ባሕር የከበባት ከተማ ናት፣ ዘፈኑም ብርሃን አለው። ቡሌሪያ ደግሞ ፈጣኑና ተጫዋቹ ነው፤ የሄሬዝ ከተማ የምትኮራበት። ታንጎስ የሚባለው በ4 ይቆጠራል፤ ከአርጀንቲናው ታንጎ ጋር እንዳታምታቱት። ሴጊሪያ የሚባለው አለ፤ የእሱ አቆጣጠር ሌላ ነው፣ ስሜቱም ወደ ሙሾ ያዘነብላል። ሴጊሪያ የሚዘፈንበት ምሽት ከገጠማችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ሁሉም ዘፋኝ አይደፍረውም።

ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ምልክትም ያስፈልጋል። አንድ አሌግሪያስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል። ዘፋኙ «ቲሪቲትራን ትራን ትራን» ብሎ ይገባል፤ ትርጉም የለውም፣ ጉሮሮውን ወደ ዜማው ማስገቢያ ነው። ጨፋሪዋ በዚህ ጊዜ ቆማ ታዳምጣለች። ከዚያ ድንገት እግሯን ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ መትታ ቀጥ ትላለች። ይህ ያማዳ ነው፤ ጥሪ ማለት ነው። ለዘፋኙ «በል ግጥምህን አምጣ» እያለችው ነው። የምትቆመው የት ላይ ነው? 10 ላይ። ልብ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ዘፋኙ ግጥሙን ያመጣል። አሁን የእሷ እግር ዝም ይላል ወይም በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ክንዷና ጣቶቿ ይሠራሉ። ስንኙ ሲያልቅ በእግሯ አጭር መልስ ትሰጠዋለች። ቀጣዩን ስንኝ ያመጣል፤ ትመልሳለች። ጊታሪስቱ ዓይኑን ከእግሯ ላይ አያነሳም። ከዚህ በኋላ ዘፋኙ ይተዋትና የእግር ሥራው ይመጣል፤ ኤስኮቢያ ይሉታል። ቀስ ብሎ ይጀምራል። ያፈጥናል። ጫማው ጫፉና ተረከዙ ላይ በምስማር የተሞላ ነው፤ ወለሉም ከበሮ ሆኗል። በጣም ከፈጠነ በኋላ እንደገና ትጠራለች፤ ሁሉም ወደ ቡሌሪያ ይገለበጣሉ፤ ይዘጋል።

ስለዚህ ጭፈራ ሲኖር የምትመራው ጨፋሪዋ ናት። ጭፈራ ከሌለ ደግሞ የሚመራው ዘፋኙ ነው፤ ጊታሩ እስትንፋሱን እየጠበቀ ይከተለዋል። ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትገቡ ምሽቱ ጨዋታ ይሆንላችኋል፦ አሁን ማን ማንን ጠራ? ማን መለሰ?

ከየት መጣ

ፍላሜንኮ የደቡብ ስፔን፣ የአንዳሉሲያ ነው። በተለይ በሴቪያ፣ በሄሬዝና በካዲዝ መካከል ያለው አገር እናቱ ነው። ያለ ሂታኖዎች ግን ስለ እሱ ማውራት አይቻልም። ሂታኖ ማለት በብዙ አገር ጂፕሲ በሚል ስም የሚጠሩት የሮማ ሕዝብ የስፔን ወገን ነው። አባቶቻቸው ከህንድ ተነስተው በዘመናት ጉዞ ወደ ምዕራብ የመጡ ናቸው። ስፔን ውስጥ ስለ መኖራቸው የመጀመሪያው ጽሑፍ የ1425 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ መራራ ነው። በ1499 ነገሥታቱ «ወይ ቋሚ ሥራና ጌታ ያዙ፣ ወይ አገር ልቀቁ» የሚል ዐዋጅ አወጡ። በየዘመኑ ልብሳቸው፣ ቋንቋቸው፣ አኗኗራቸው ተከለከለ። የከፋው ቀን የመጣው በ1749 ነበር። በጁላይ መጨረሻ፣ በመላ አገሪቱ ያሉ ሂታኖዎች በአንድ ጊዜ እንዲያዙ ታዘዘ። ከ9 ሺህ የማያንሱ ሰዎች እንደ ታሰሩ ይገመታል። ወንዶቹ ወደ ባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያ የጉልበት ሥራ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ወደ ሌላ ማጎሪያ ተወሰዱ። ባልና ሚስት ተለያዩ። የመጨረሻዎቹ እስኪፈቱ ከ15 ዓመት በላይ ፈጀ። ካርሴሌራስ የሚባል፣ ስለ እስር ቤት ብቻ የሚያዜም የዘፈን ዓይነት አለ። ያንን «አይ...» ስትሰሙ ይህ ሁሉ ከጀርባው አለ።

ሂታኖዎች ብቻቸውን ግን አልፈጠሩትም። የአንዳሉሲያ ገበሬ ዘፈን ውስጡ አለ። ከዘመናት የሙስሊም አገዛዝ የቀረ የዜማ ጣዕም አለ ይባላል። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኛን አፍሪካውያንን ሊያስቆመን የሚገባ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሴቪያ እጅግ ብዙ አፍሪካውያን በባርነት የሚኖሩባት ከተማ ነበረች። ለጥቁሮች የተቋቋመ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ነበራቸው፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ፣ በሕማማት ሳምንት አደባባይ ይወጣል። በኋላ ደግሞ የካዲዝ መርከቦች ወደ ኩባ ተመላለሱ፤ የአፍሪካ ልጆች እዚያ የፈጠሩት ምት በመርከቡ ተመለሰ። እንደ ጉዋሂራ ያሉት ዘፈኖች እስከ ዛሬ «የመሄድና የመመለስ ዘፈኖች» ይባላሉ።

መድረኩ ላይ አንዱ የሚቀመጥባትን የእንጨት ሳጥን ታያላችሁ። ላይዋ ተቀምጦ ፊቷን በእጁ ይመታታል። ካሆን ትባላለች። የጥንት የፍላሜንኮ ዕቃ ትመስላለች፤ አይደለችም። የፔሩ ጥቁሮች መሣሪያ ናት። ታላቁ ጊታሪስት ፓኮ ዴ ሉሲያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ፔሩ ሄዶ አያትና ይዟት መጣ። ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቤተኛ ሆነች።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍላሜንኮ ከግቢና ከአንጥረኛ ቤት ወጥቶ ትኬት ወደሚቆረጥበት የዘፈን ካፌ ገባ። ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ የተባለ ዘፋኝ በ1881 ሴቪያ ውስጥ የከፈተው ካፌ ስመ ጥር ነው። በ1922 ደግሞ ሙዚቀኛው ማኑኤል ዴ ፋያ እና ገጣሚው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ «ጥልቁ ዘፈን ሊጠፋብን ነው» ብለው ግራናዳ አልሃምብራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ውድድር አዘጋጁ። ሙያተኛ ሳይሆን ያልታወቀ ሰው ይምጣ አሉ። ከተሸለሙት አንዱ ኤል ቴናሳስ የሚሉት ሽማግሌ ነበር፤ ሌላው ገና የ12 ዓመት ገደማ ልጅ። ያ ልጅ በኋላ ማኖሎ ካራኮል ተብሎ የዘመኑ ትልቅ ዘፋኝ ሆነ።

የዛሬው የእራትና የትርኢት ምሽት መነሻው ግን ከ1950ዎቹ ወዲህ ቱሪስት ሲበዛ ነው። ማድሪድ ውስጥ ኮራል ዴ ላ ሞሬሪያ በ1956 ተከፈተ፤ አሁንም ይሠራል። እንዲህ ያለው ቤት ታብላኦ ይባላል፤ ከእንጨት ጣውላ የመጣ ስም ነው። በዚያው ዘመን ሴቪያ ትሪያና ሰፈር ለትውልድ የኖሩ ብዙ የሂታኖ ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር እንዲሄዱ ተደረገ። ሰፈሩ ዛሬ ቆንጆ ነው፤ ስሙም በየዘፈኑ አለ፤ የዘፈኑ ባለቤቶች ልጆች ግን አብዛኞቹ ሌላ ቦታ ነው ያሉት። ይህን ሳውቅ ከፍቶኛል። ዩኔስኮ ፍላሜንኮን በ2010 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዘገበው።

ሳህኑ ላይ

ታፓ ማለት ክዳን ማለት ነው። ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ካዲዝ አጠገብ መጠጥ ሲያዙ ነፋሱ አሸዋ እንዳያገባበት አስተናጋጁ ብርጭቆውን በሥጋ ቁራጭ ከደነላቸው የሚል ተረት አለ። ተረቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ከመጠጥ ጋር የሚመጣ ትንሽ ነገር፣ መጠጡ ራስ ላይ እንዳይወጣ።

ታፓስ የምግብ ዓይነት አይደለም፤ የአበላል ዓይነት ነው። ማንኛውም ምግብ በትንሽ ሳህን ሲመጣ ታፓ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ሜዲያ ራሲዮን፣ ሙሉው ሳህን ራሲዮን ይባላል። ለጓደኛሞች ደስ የሚለው ራሲዮን አዝዞ ከአንድ ሳህን መብላት ነው። ከአንድ ትሪ መብላት የለመደ ሰው እዚህ ባዳነት አይሰማውም። አንዳንድ ቤት ታፓ የሚሰጠው ባንኮኒው ላይ ለቆመ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ከያዛችሁ ትልቁን ሳህን ነው የሚያመጣው። አንድ ቤት ሁለት ዓይነት ቀምሶ፣ ከፍሎ፣ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው ደንቡ። ግራናዳ ውስጥ ደግሞ መጠጥ ስታዙ ታፓው በነፃ ይመጣል፤ ሁለተኛ ስታዙ ሌላ ይመጣል። ሴቪያ ግን እንዲህ አይደለም፤ ታዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ።

አሁን ለእኛ ሰው ዋናው ጥያቄ፦ አሳማ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም አይበላም። አንዳሉሲያ ደግሞ ሃሞን፣ የደረቀ የአሳማ ጭን፣ በየጣሪያው ተሰቅሏል። እኔ አንድ ቤት «ሥጋ የሌለው» ብዬ አዝዤ ላዩ ላይ ሃሞን ተነስንሶበት መጣልኝ። አስተናጋጇ ክፋት የላትም፤ ለእሷ ያ ማጣፈጫ እንጂ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ በግልጽ «ኖ ኮሞ ሴርዶ፣ ኒ ሃሞን» በሉ፤ አሳማም ሃሞንም አልበላም ማለት ነው። ክሮኬታ የሚባለው የተጠበሰ ድቡልቡል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሃሞን አለ፤ ጠይቁ። ሳልሞሬሆ የሚባለው ቀዝቃዛ ወፍራም የቲማቲም ሾርባ ላይም እንቁላልና ሃሞን ይነሰነሳል፤ ያለ እሱ አምጡልኝ ማለት ይቻላል።

ለጾመኛ ደግሞ የሚያስደስት ዜና አለ፤ «ቬጋኖ» ካላችሁ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም እንዳይነካው ይገባቸዋል። ስፒናች ከሽምብራ ጋር የሴቪያ ኩራት ነው፤ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት አለው፣ ሽታው ቤት ያስታውሳል። በዘይት የተጠበሰ ደበርጃን ላይ ጥቁር የሸንኮራ አገዳ ማር ይንጠባጠብበታል፤ ኮርዶባና ግራናዳ ሞክሩት። ትንንሽ አረንጓዴ ቃሪያ ተጠብሶ ጨው ተነስንሶበት ይመጣል፤ አብዛኛው አያቃጥልም፣ አንዱ ግን ድንገት ያቃጥላል። የወይራ ፍሬ፣ ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ ጋስፓቾ የሚሉት ቀጠን ያለ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ። ዓሣ ለምትበሉ ካዲዝ ገነት ናት፦ ከትንንሽ ሽሪምፕ ጋር የሚጠበስ ስስ ቂጣ አላቸው፤ እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

መጠጡን በተመለከተ፣ ፊኖና ማንሳኒያ የሄሬዝ አካባቢ ደረቅ ነጭ ወይኖች ናቸው። ቀዝቅዘው በትንሽ ብርጭቆ ይመጣሉ፤ ወደ 15 በመቶ አልኮል ስላላቸው ቀስ ብላችሁ ጠጡ። ማንሳኒያ የካሞሚል ሻይም ስም ነው፤ ሻይ የፈለገ ወይን፣ ወይን የፈለገ ሻይ እንዳይመጣለት ይግለጽ። አልኮል የማትጠጡ «ሲን አልኮል» ካላችሁ አልኮል የሌለው ቢራ የማታገኙበት ቤት ጥቂት ነው። ሞስቶ የወይን ጭማቂ ነው ተብላችሁ ግን ሴቪያና ሄሬዝ ውስጥ አትዘናጉ፤ እዚያ አዲስ የተጠመቀ ወይንንም ሞስቶ ይሉታል።

ሴቪያ ውስጥ ኤል ሪንኮንሲዮ የሚባል ቤት አለ፤ ከ1670 ጀምሮ ክፍት ነው። ሒሳባችሁን በጠመኔ ባንኮኒው እንጨት ላይ ይጽፉታል፤ ስትከፍሉ በእጃቸው ያብሱታል። ስፒናችና ሽምብራውን እዚያ ቆማችሁ ብሉ።

ምሽቱን ስታሰናዱ

የእኔ ምክር አንድ ነው፤ ምግቡንና ትርኢቱን ለያዩ። ካንቴ ዝምታ ይፈልጋል። ሹካ ሲንቃጨል፣ አስተናጋጅ ሲያልፍ፣ የተሰበረው ድምፅ ወደ እናንተ አይደርስም። ገንዘቡም ይለያያል። ምግብ የሌላት ትንሽ ቤት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዩሮ ትበቃታለች፤ እራት የተጨመረበት ከዚያ እጥፍና ከእጥፍም በላይ ሊሄድ ይችላል። በቀረው ገንዘብ ሦስት ቤት ታፓስ ትዞራላችሁ።

ሰዓቱ ይመቻል። ስፔኖች እራት የሚበሉት ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ የሆነው በከፊል ሰዓታቸው ከፀሐይዋ ጋር ስለማይገጥም ነው፤ በ1940 አምባገነኑ ፍራንኮ የአገሪቱን ሰዓት ከጀርመን ጋር ካስተካከለ ወዲህ አልተመለሰም። ጁን ላይ ሴቪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው። ስለዚህ አመሻሹ ላይ አንድ ሁለት ነገር ቅመሱ፤ 3 ሰዓት ላይ፣ ትኬቱ 21:00 የሚለው ማለት ነው፣ ገብታችሁ አንድ ሰዓት ያህል አዳምጡ፤ ስትወጡ ምግብ ቤቱ ሁሉ ገና ሙሉ ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ዙር ካላቸው ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጉሮሮውም እግሩም ሞቋል።

ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘፋኝ በአካል አለ ወይ? ወንበሩ ስንት ነው? ማይክሮፎን ይጠቀማሉ ወይ? ስንት ጨፋሪ እንዳለ አትጠይቁ። ሄሬዝ ከሄዳችሁ ታባንኮ የሚባሉት የድሮ የወይን ቤቶች አሉ፤ ኤል ፓሳሄ ከ1925 ጀምሮ ያለ ነው፤ ወይኑ ከበርሜል ይቀዳል፣ ዘፈኑም እዚያው ነው። ግራናዳ ሳክሮሞንቴ ኮረብታ ላይ ኖራ የተቀቡ ዋሻዎች ውስጥ ይጨፈራል፤ ቦታው ልብ ይነካል፣ ጥራቱ ግን ከዋሻ ዋሻ ይለያያል። ፔንያ የሚባሉ የአፍቃሪዎች ማኅበራትም አሉ፤ ግራናዳ ያለው ላ ፕላቴሪያ የተመሠረተው በ1949 ነው። እንግዳ በሚቀበሉበት ቀን ከደረሳችሁ ከጎናችሁ የሚቀመጠው የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ዝም ሲል ዝም በሉ፤ ብዙ ትማራላችሁ።

እግሩን ማየት የምትችሉበት ወንበር ፈልጉ። ስልካችሁን ኪስ አስገቡ። ከምቱ ጋር አብራችሁ አታጨብጭቡ፤ 12ቱን የማይጠብቅ አንድ ጭብጨባ ጨፋሪዋን ሊያደናቅፋት ይችላል። «ኦሌ» ማለት ግን ይቻላል፤ የእኛ «ይበል!» ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እንደሚጮኸው አይደለም፤ የመጀመሪያው ፊደል ላይ ጠበቅ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ስንኙ ሲያርፍ ነው የሚባለው። ዘፋኙ ይሰማዋል። ብርታት ይሆነዋል።

አንዳንድ ምሽት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ዱዌንዴ ይሉታል። ሎርካ በ1933 ቦነስ አይረስ ላይ ስለ እሱ ረጅም ንግግር አድርጓል። ቤቱ ሁሉ ድንገት ጸጥ የሚልበት፣ ዘፋኙም ከራሱ በላይ የሆነ ነገር የያዘው የሚመስልበት ቅጽበት ነው። በትኬት አይገዛም፤ በየምሽቱም አይመጣም።

መጨረሻው ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው ጊታሩ ሲቆም ኮቱን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥተው ግማሽ ክብ የሚሠሩት፤ ፊን ዴ ፊየስታ ይባላል። በቡሌሪያ ያጨበጭባሉ። አንድ በአንድ ወደ መሀል ይገባሉ። ምሽቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ የነበረው ሽማግሌ ዘፋኝም ሊነሳ ይችላል። እግሩ ብዙ አይሮጥም። ኮቱን በእጁ ያዝ ያደርጋል፣ አንድ ክንዱን ያነሳል፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ እናንተ ይመጣል። ቁጠሩለት። ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። አሥር ላይ ቀጥ ይላል። ያኔ «ኦሌ» በሉት።